ከመረቡ በታች ስላለው የባሕር ወለል የተነገረ ዲስኩር



የሥነ ፍጥረትን ትምህርት ከአክሲማሮስ የቀዱ ሊቃውንቶቻችን በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የተገኙትን ፍጥረታት በእግር የሚሽከረከሩ፣ በልብ የሚሳቡ፣ በክንፍ የሚበሩ ብለው በሦስት ነገድ ሲከፍሉ፣ ለሦስቱም ነገድ በትምህርታቸው ውስጥ እኩል ቦታ ሰጥተው ነበር፤ የሰው ልጅ ግን ለገበታው የሚሆነውን ዓሣ ከመካከላቸው መርጦ ካነሣ በኋላ፣ በባሕር ወለል ላይ የሚሳቡትን፣ በጭቃው ውስጥ ጎሬ ምሰው የሚኖሩትን ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ሸርጣኖችና የባሕር ኮከቦች እንደ ኢምንት ቆጥሮ፣ ስለ ኑሯቸውም ሆነ ስለ ሞታቸው ሳይጠይቅ ብዙ ዘመን ኖሯል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለ እነዚህ ስለ ተዘነጉት ለመናገር ነው፤ የሰው ልጅ ዓሣን ከማጥመድ አልፎ በባሕር ላይ በረት ሠርቶ ማርባት ከጀመረ ወዲህ፣ የዚህ አዲስ ግብርና ዕዳ የሚከፈለው ከበረቱ በታች፣ ዐይን በማያየው ወለል ላይ ሆኗልና፣ ሒሳቡንም እዚያው ወርደን ካልመረመርነው በቀር በገበያው መዝገብ ላይ ተጽፎ አናገኘውም።

ዓሣ ማርባትን ለማውገዝ አልመጣሁም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእርባታ የተገኙት የውኃ እንስሳት ተጠምደው ከተገኙት ለመጀመሪያ ጊዜ በልጠዋል፤ የሚበዛውም ድርሻ የእስያ ገበሬዎች በኩሬና በሌላ የየብስ ውኃ የሚያረቡት ሲሆን፣ ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የዕለት ምግብ ነው። እንዲህ ያለውን በረከት የሚያቃልል ሰው የተራበ ቤት ገብቶ አያውቅም። እኔ የምከራከረው በስፍራውና በልኩ ላይ ነው፤ የት ይረባል፣ ምን ያህልስ ይረባል፣ ከሥሩ ያለው ወለል የሚወድቅበትን ሁሉ አብላልቶ ሊጨርስ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ነው።

በኖርዌይ አገር፣ ሂትራ በምትባል ደሴት፣ በ1970 ሁለት ወንድማማቾች ስምንት ማዕዘን ያለው ተንሳፋፊ የመረብ በረት ሠርተው የሳልሞን ጫጩቶችን ባሳደጉ ጊዜ፣ ያ ትንሽ ሙከራ የአንዲትን አገር ሀብት የሚለውጥ መሆኑን የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። ዛሬ ኖርዌይ ብቻዋን በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ታመርታለች፤ ደንቧም በአንድ በረት ውስጥ እስከ 200,000 ዓሣ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እንድታስቡት እለምናችኋለሁ፤ በየብስ ላይ ይህን ያህል እንስሳ በአንድ አጥር ውስጥ ያከማቸ አርቢ ቢኖር፣ ጎረቤቱ ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጉ ወዴት ይጣላል ብሎ ነበር። በባሕር ላይ ግን መረቡ ድፍን ወለል የለውምና ፍጉ ራሱ ይሄዳል፤ ከዐይን ስለሚሰወርም ጥያቄው ሳይነሣ ይቀራል።

የሚሄደው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው በውኃው ውስጥ የሚሟሟው፣ በተለይም ዓሣው በስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ ሲሆን፣ ይህ ከውኃው ጋር ወደ ሩቅ ይጓዛል፤ ሁለተኛው ግን ጓል ያለው፣ ማለት ዓሣው ሳይበላው ያመለጠው እንክብል መኖና የዓሣው ኩስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት መኖው በእጅ ሲበተን እየተረፈ ይወድቅ የነበረው ብዙ ነበር፤ ዛሬ በየበረቱ ውስጥ ካሜራ ተሰቅሎ ዓሣው ሲጠግብ መኖው እንዲቆም ስለሚደረግ ብክነቱ እጅግ ቀንሷል፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው መሻሻል ነው። ኩሱን ግን የሚያቆመው ካሜራ የለም። ከሚሰጠው መኖ ናይትሮጅን ውስጥ በዓሣው ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ከግማሽ ያነሰው ነው፤ የቀረው ሁሉ በአንዱ ወይም በሌላው መንገድ ተመልሶ ወደ ባሕር ይገባል።

አሁን አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እናስላ። የሳልሞን ኩስ በሴኮንድ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰጥማል ብንል፣ ከመረቡ ሥር 30 ሜትር ጥልቀት ቢኖር ወለሉን ለመንካት 1,000 ሴኮንድ፣ ማለት 17 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። የውኃው ፍሰት በሴኮንድ 5 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ጸጥ ያለ ሰርጥ፣ ያ ኩስ በእነዚያ 17 ደቂቃዎች ውስጥ የሚርቀው 50 ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዕለት ዕለት የሚወርደው ሁሉ በበረቱ ሥርና በዙሪያው ይከመራል። ፍሰቱ በሴኮንድ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ስፍራ ግን ያው ኩስ 250 ሜትር ይጓዛል፤ በሰፊ ወለል ላይ ስለሚበተንም የሚደርሰው እየሳሳ ነው፣ በዚያ የሚኖሩትም ትሎች ሳይጨነቁ ይመገቡታል። ዓሣው ያው፣ መኖው ያው፣ አርቢውም ያው ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ ስፍራ በረከት የሆነው በሌላው ስፍራ መርገም የሚሆነው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። አርቢው ማዕበል የማያናውጠውን፣ ለጀልባና ለሠራተኛ የሚመቸውን የተጠለለ የባሕር ክንድ መምረጡ ሰብአዊ ነገር ነው፤ ወለሉ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በእነዚህ በተጠለሉት ስፍራዎች ነው። የዚህ ጉዳይ ዋነኛው ችግር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ይህ የምቾትና የጉዳት በአንድ ስፍራ መገናኘት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ጭቃው እንውረድ።

የባሕር ወለል ጭቃ የሞተ ዝቃጭ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ሥርዐት አለው። ከላይ ካለው ውኃ የሚወርደው ኦክሲጅን ወደ ጭቃው ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ጭቃ አየር የሌለው ጨለማ ነው። ትሎችና ሌሎች ጎሬ ማሾች ግን በየዋሻቸው ውኃ እየሳቡና እየገፉ፣ ጭቃውን እየዋጡና እየተፉ፣ ኦክሲጅኑን ከተፈጥሮው ድንበር አሳልፈው ወደ ታች ያወርዱታል፤ በዚህም ሥራቸው ከላይ የሚወድቀው የሞተ ነገር ሁሉ ተብላልቶ ለሌላ ሕይወት ምግብ ይሆን ዘንድ መንገድ ይከፍታሉ። ከላይ የሚወርደው ከልክ ባለፈ ጊዜ ግን፣ የሚያበላሹት ረቂቃን ባክቴሪያዎች ያለውን ኦክሲጅን በሙሉ ይጨርሱታል። ኦክሲጅን ያጡ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሥራቸውን አያቆሙም፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት አለና፣ ሌላው የባክቴሪያ ወገን በኦክሲጅን ፈንታ ያን ሰልፌት እየተጠቀመ ማብላላቱን ይቀጥላል። የሥራውም ተረፍ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት፣ ለሚተነፍስ እንስሳ ሁሉ መርዝ የሆነ ጋዝ። ዕዳው እየበዛ ሲሄድ ሰልፌቱም አልቆ የሚቴን አረፋ ከጭቃው ውስጥ እየተፍለቀለቀ እስከ መውጣት ይደርሳል።

ይህን መዓርግ በመዓርግ የሚሄድ ውድቀት በሥርዐት የጻፉት በስኮትላንድ ይሠራ የነበረው ቶማስ ፒርሰንና ስዊድናዊው ሩትገር ሮዘንበርግ ናቸው። ፒርሰን በምዕራብ ስኮትላንድ፣ በሎክ ሊኒና በሎክ ኢል፣ የወረቀት ጭቃ የሚሠራ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ባሕር ሲለቅ በወለሉ ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ዓመት ከዓመት ሲከታተል የቆየ ሰው ነበር፤ ሁለቱ ሊቃውንት በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የመበስበሱ ምንጭ ምንም ይሁን ምን፣ የወለሉ ፍጥረታት የሚጠፉበትና የሚተካኩበት ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት መሆኑን አሳዩ። የዓሣ በረት በእነዚያው የስኮትላንድ የባሕር ክንዶች በበዛ ጊዜ፣ ለፋብሪካ ፍሳሽ የተገኘው ሕግ ለበረቱም ሳይሻሻል አገለገለ።

ቅደም ተከተሉን በቃል ከምዘረዝር፣ ከመርከብ ላይ የሚወረወረው የብረት መንጋጋ ቆንጥጦ የሚያወጣውን ጭቃ ላሳያችሁ። ከበረቱ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የወጣው ጭቃ በላዩ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቢጫ ነው፤ ቀለሙ ወደ ታች ሲሄድ ቀስ ብሎ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ሽታው የባሕር ሽታ ነው። ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ላይ ሲታጠብ፣ ክንዳቸው እንደ ክር የቀጠነ የባሕር ኮከቦች፣ ከአሸዋ ቅንጣት ቤት የሠሩ ትሎች፣ ጥንድ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ እንስሳት፣ የባሕር ጃርት፣ ብዙ ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ግን ጥቂት ጥቂት ይቀራል። ወደ በረቱ ስንቀርብ ጃርቱና ኮከቡ አስቀድመው ይጠፋሉ፤ የትሎቹ ቁጥር ይበዛል፤ መጠናቸው ያንሳል። ከበረቱ ጠርዝ ስንደርስ በወንፊቱ ላይ የሚቀረው አንድ ቀይ፣ እንደ ክር የቀጠነ ትል ነው፤ ካፒቴላ ይባላል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ብዙ ዐሥር ሺሕ ሆኖ ይርመሰመሳል። ከበረቱ መካከል ሥር፣ ሸክሙ እጅግ በከበደበት ስፍራ ደግሞ ካፒቴላም የለም። ጭቃው እስከ ላይ ድረስ ጥቁር ነው፤ መንጋጋው ሲከፈት ሽታው የመርከቡን ሠራተኞች ፊት ያስመልሳል፤ በላዩም ላይ እንደ ጥጥ የነጣ ስስ ሽፋን ተዘርግቷል። ያ ሽፋን ቤጂያቶዋ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ መርዙን ሰልፋይድ እያቃጠለ የሚኖር፣ በኦክሲጅንና በመርዝ ድንበር ላይ ብቻ የሚበቅል ፍጥረት።

ስለዚህ ቀይ ትል አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በ1976 ጁዲትና ፍሬደሪክ ግራስል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሳይንስ አንድ ዓይነት አድርጎ ሲቆጥረው የነበረው ካፒቴላ፣ በመልክ የሚመሳሰሉ ነገር ግን የማይዋለዱ ቢያንስ 6 ዓይነቶች መሆናቸውን ገለጹ። የባሕርን መቆሸሽ እንዲመሰክርልን የጠራነውን ምስክር እንኳ በስሙ አናውቀውም ነበር ማለት ነው።

ከበረቱ የሚወርደውን መድኃኒትና ብረት በአጭሩ ልለፍ። ሳልሞንን የሚያሠቃየው የባሕር ቅማል የሸርጣን ወገን ነው፤ ስለዚህ ቅማሉን ለመግደል ከመኖ ጋር የሚሰጠው ኢማሜክቲን ቤንዞኤት ከኩሱና ከተረፈው መኖ ጋር ወርዶ በጭቃው ውስጥ ለወራት ሲቆይ፣ የቅማሉን ዘመዶች ሸርጣንንና ሎብስተርን ሊጎዳ ይችላል፤ ዘመድ በዘመዱ መድኃኒት ይታመማል። መረቡ ተለጣፊ ፍጥረት እንዳያበቅል የሚቀባው መዳብም እየተላጠ ወደ ወለል ይወርዳል፤ መዳብ ደግሞ እንደ ኩስ አይበሰብስም፣ በዚያው ይኖራል።

ወደምናውቀው ባሕር ልመለስ። ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራባት ዔጽዮንጋብር በኤርትራ ባሕር ዳርቻ፣ በኤሎት አጠገብ እንደነበረች መጽሐፈ ነገሥት ይነግረናል፤ ይህ ስፍራ ዛሬ እስራኤላውያን የኤላት፣ ዮርዳኖሳውያን የዓቃባ ባሕረ ሰላጤ የሚሉት፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ጥልቀቱ 1,800 ሜትር የሚደርስ፣ በሁለት በረሓማ ተራሮች መካከል የተዘረጋ ጠባብ የባሕር ክንድ ነው። ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናብ አይዘንብበትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ውኃው በንጥረ ምግብ ረገድ እጅግ ድኻ፣ በጥራቱ ደግሞ እጅግ ብሩህ ነው፤ የመርጃን ዐለት በዚያ የሚያብበውም በዚህ ድኽነት ምክንያት ነው። በሁዳዴ አምሳ አምስት ቀን ሙሉ የጾመ ሆድ በፋሲካ ሌሊት ጮማ ሲወርድበት እንደሚታወክ፣ እንዲህ ያለ ባሕርም ጠግቦ የኖረ ባሕር በቀላሉ የሚችለው ምግብ ሲወርድበት ይታወካል።

በዚህ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በዮርዳኖስ ድንበር አጠገብ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የዓሣ በረቶች ተተከሉ፤ ያረቡት የነበረውም በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ዴኒስ በሚለው ስሙ ከገበያ የሚያውቁትን ዓሣ ነው፤ ምርቱም በዓመት ከ2,000 ቶን በላይ ደረሰ። ወዲያው ታላቅ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ዐሥር ዓመት የፈጀ፣ ሊቃውንትን ከሊቃውንት የለያየ ክርክር ነበር። የበረቶቹ ተከራካሪዎች፣ በበረቱ አቅራቢያ የተተከሉ የመርጃን ቅርንጫፎች እንዲያውም ፈጥነው ማደጋቸውን የሚያሳይ ጥናት አቀረቡ፤ የኤላት ከተማ ፍሳሽ ራሱ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ባሕሩ ይፈስስ እንደነበረም አስታወሱ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ በበረቱ አቅራቢያ የመርጃኑ የመራባት ኀይል መድከሙን የሚያሳይ ሌላ ጥናት አቀረቡ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ማስረጃ ከበረቱ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። በሰኔ 1991 በፊሊፒንስ የፒናቱቦ ተራራ ፈንድቶ አመዱና ጋዙ የፀሐይን ሙቀት በከለከለ ጊዜ፣ በሚቀጥለው ክረምት የኤላት ባሕር ላይኛው ውኃ ከወትሮው በላይ ቀዘቀዘ፤ የቀዘቀዘ ውኃ ይከብዳልና ወደ ጥልቁ ሰጠመ፤ በጥልቁ ለዓመታት የተከማቸውም ንጥረ ምግብ ወደ ብርሃን ወጣ። በ1992 ጸደይ አልጌ እንደ ምንጣፍ በመርጃኑ ላይ ተነጥፎ ብዙውን አፍኖ ገደለው፤ ይህንንም አማጽያ ጌኒንና ባልደረቦቹ በ1995 ጽፈው አሳወቁ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በእንዲህ ዓይነት ባሕር ወደ ጥልቁ የወረደ ነገር ጠፋ አይባልም፤ ቀዝቃዛ ክረምት በመጣ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። በረቱ ያወረደው ከተፈጥሮው ክምችት አንጻር ትንሽ ነው የሚለው መልስ እውነትነት ቢኖረውም፣ በሞላ ጽዋ ላይ የሚጨመረውን ጠብታ ስለ ትንሽነቱ ብቻ ንጹሕ ማድረግ አይቻልም።

የእስራኤል መንግሥት በ2005 በረቶቹ ከባሕሩ እንዲወጡ ወሰነ፤ በ2008 ወጡ። ይህን ውሳኔ ትክክለኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራቸውን ያጡትን ሰዎች ሐዘን ሳልዘነጋ ነው የምለው። ሊቃውንት ሳይስማሙ በቀሩበት ነገር ላይ፣ ጥርጣሬውን መሸከም የሚገባው ሊነሣ የሚችለው ወገን ነው፤ በረት ይነሣል፣ በሌላ ስፍራም ይተከላል፣ በየብስ ላይ በገንዳም ይሠራል፤ ብዙ ዘመን ፈጅቶ ያደገ የመርጃን ዐለት ግን የሚሄድበት የለውም።

ከዚያው ከኤላት አንድ መልካም ሙከራም አለ፤ እርሱን ሳልጠቅስ ባልፍ በእውነት ላይ አድልዎ ይሆናል። ተመራማሪዎች ወለል የሌለው አጥር በበረቱ ሥር በባሕር ወለል ላይ አቁመው፣ ጭቃ እየቆፈረ የሚመገበውን ሙሌት የተባለ ዓሣ አስገቡበት፤ ሙሌቱ ከላይ የወደቀውን እየበላና ጭቃውን እየገለበጠ አየር ሲያስገባለት፣ የወለሉ ሁኔታ ተሻሻለ። ፍጥረት ራሷ የሠራችውን መንገድ ተከትሎ ጉዳትን ማቃለል እንደሚቻል ያሳያል፤ ልክን ማለፍ ግን በሙሌት አይሰረይም።

ከኤርትራ ባሕር ወደ ዓለም ዳርቻ፣ ወደ ታዝማኒያ እንሻገር። በዚያች ደሴት ምዕራብ የማኳሪ ወደብ አለ፤ አፉ እጅግ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ሲሆን፣ በቅጣት ወደዚያ ይወሰዱ የነበሩ እስረኞች የሲኦል ደጆች ብለው ሰይመውታል። ወንዞች የሚያመጡት ከቅጠል የጠቆረ ውኃ በላይ ይንሳፈፋል፤ የባሕሩ ጨዋማ ውኃ ከሥሩ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጥልቁ ኦክሲጅን የሚያገኘው በጭንቅ ነው። በዚህ ጭንቅ ውስጥ ግን ሌላ ስፍራ ማለት ይቻላል የማይገኝ፣ ሞጂያን ስኬት የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ይኖራል፤ በወለሉ ላይ ይተኛል፣ በወለሉ ላይ ይመገባል፣ እንቁላሉንም በወለሉ ላይ ይጥላል።

የሳልሞን እርባታ ከ2012 ወዲህ በዚህ ወደብ በሰፊው ተስፋፋ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የጥልቁ ኦክሲጅን አሽቆለቆለ፤ በ2016 እና በ2017 በአንዳንዶቹ በረቶች ሥርና በዙሪያቸው ወለሉ በነጩ የቤጂያቶዋ ሽፋን ተሸፍኖ፣ ፍጥረታቱም ሞተው ተገኙ፤ የወደቡ ደቡባዊ ክፍል ደግሞ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነው። የታዝማኒያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከ20,000 ቶን በላይ የነበረውን የዓሣ ክምችት ጣሪያ ደረጃ በደረጃ ወደ 9,500 ቶን አወረደው። የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ያወጡት ጥናት፣ ከ2014 እስከ 2021 ባለው ጊዜ የዚያ ጠፍጣፋ ዓሣ ቁጥር በግማሽ ገደማ፣ በ47 በመቶ መቀነሱን አመለከተ። ጥፋቱን ሁሉ በእርባታው ላይ መጫን ፍርድ ማጣመም ይሆናል፤ የመዳብ ማዕድን ዝቃጩን እስከ 1994 በወንዝ ወደዚህ ወደብ ሲያወርድ ኖሯል፣ የውኃ ኀይል ግድብም የወንዙን አፈሳሰስ ለውጧል፣ ባሕሩም እየሞቀ ነው። ነገር ግን ቀድሞ የቆሰለ ወደብ ላይ አዲስ ሸክም ሲጫን፣ ቁስሉ የቀድሞ መሆኑ ለጫኚው ምክንያት አይሆነውም፤ ይልቁንም እጁን እንዲሰበስብ የሚያስገድደው ነው። የአውስትራሊያ ምክር ቤት በመጋቢት 2025 እርባታው እንደገና እንዳይመረመር የሚከላከል ሕግ ማጽደቁን በታላቅ ሐዘን ነው የተረዳሁት። ስለ ሰዎች ኑሮ መጨነቅ የሕግ አውጪ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ምርመራን በሕግ የዘጋ ምክር ቤት የጥልቁን ውኃ አንዲት ቅንጣት ኦክሲጅን አልጨመረለትም።

የጉዳቱን ክብደት የሚወስነው፣ እንደ እኔ እምነት፣ የመመለሻው ዘመን ነው። ጭቃ ለብሶ ፍሰት በሚያገኝ ወለል ላይ፣ በረቱ ተነሥቶ ስፍራው ሲያርፍ፣ ሽታው በወራት ይጠፋል፤ ትሎቹም በጥቂት ዓመታት፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጥነው ይመለሳሉ፤ ኖርዌያውያን ከአንዱ የዓሣ ትውልድ እስከ ሌላው ስፍራው ቢያንስ 2 ወር እንዲያርፍ የሚያስገድዱት ይህን ተስፋ አድርገው ነው፣ ምንም እንኳ እኔ 2 ወር ብዙ ስፍራ ላይ አይበቃም ብል። በሜድትራኒያን ባሕር ወለል ላይ የሚበቅለው ፖሲዶንያ የተባለ የባሕር ሣር ግን በዓመት ወደ ጎን የሚሰፋው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በስፔን ደሴት በሜኖርካ፣ በፎርኔልስ ሰርጥ፣ የነበረው የዓሣ እርባታ ከቆመ ከ3 ዓመት በኋላ ውኃው ወደ ቀድሞ ጥራቱ ተመልሶ ሳለ ሣሩ መሞቱን እንዳልተወ ተመራማሪዎች አገኙ፤ በጭቃው ውስጥ የቀረው ብስባሽ ሥሩን እየመረዘው ነበርና። ውኃውን ብቻ የለካ ሰው ሰርጡ ድኗል ብሎ በመሰከረ ነበር። እንዲህ ባለው ሣር ላይ በረት መትከል፣ ተካዩ በዕድሜው ሊክሰው የማይችለውን ዕዳ መግባት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ፣ ባሕር ለሌለን፣ ምን ይሆነናል የሚል ሰው አይጠፋም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በኩሪፍቱ ሐይቅ ቆሮሶ በመረብ በረት የማርባት ጥናት ከተደረገ ቆይቷል፤ ሐይቅና ግድብ ባለበት ሁሉም ይህ አሳብ እየተነሣ ነው፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። የጣፋጭ ውኃ ወለል ከባሕሩ የሚለየው ሰልፌቱ ጥቂት በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከሰልፋይድ ይልቅ ሚቴን ይበዛል፤ የኦክሲጅኑ ማለቅ ግን ያው ነው። የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች የሚያውቅ ሰው ደግሞ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ወራት ላይኛው ውኃ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሐይቁ እንደሚገለበጥ፣ ኦክሲጅን የሌለው የጥልቁ ውኃ ወደ ላይ ሲወጣም ዓሣ በአንድ ቀን ሞቶ ተንሳፍፎ የሚያድርበት ጊዜ እንዳለ ያውቃል። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ የተተከለ በረት ጥልቁን የባሰ ያስርበዋል፤ በመገልበጡም ቀን በበረት የተዘጋው ዓሣ እንደ ነጻው ሸሽቶ አያመልጥም፤ ኪሳራው በመጀመሪያ የሚወድቀው በአርቢው በራሱ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መረብ ከመዘርጋቱ በፊት፣ በበጋም በክረምትም፣ በተለይም በብርዱ ወራት፣ የኦክሲጅኑ ልክ ከላይ እስከ ወለሉ በየሜትሩ ይለካ፤ የፍሰቱ ፍጥነት ይመዝገብ፤ ጭቃው በመንጋጋ ወጥቶ በወንፊት ይታጠብ፤ በውስጡ ያሉት ፍጥረታት በስማቸው ይቈጠሩ፤ መዝገቡም በአርቢው እጅ ብቻ ሳይቀር፣ ከዚያው ሐይቅ በታንኳ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ሊያዩት የሚችሉት ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። የሚያስፈልገው ሰው ግን ገና ሊሠለጥን ይገባዋል፤ በአጉሊ መነጽር ሥር አንዱን ትል ከሌላው ለይቶ ለማወቅ ዓመታት የሚታገሥ ሰው ማለቴ ነው። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ተማሪዎች መካከል ይህን ሥራ ለመያዝ የሚወድ ቢኖር፣ ከዚህ በኋላ በዚያ በቀኝ በኩል ባለው ክፍል ወንፊቱንና ያመጣሁትን የጭቃ ናሙና አዘጋጅቼ እቈያለሁ።